ከላሊበላ ጎንደር በአውሮፕላን፦ 179 ኪሎ ሜትር ለምን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል?

ሰላም ለሁላችሁም፣ ሰላምታ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ገናን ላሊበላ አክብሮ ጥምቀትን ጎንደር መዋል ለሚፈልግ ሰው ከላሊበላ ጎንደር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? የምጠይቀው ለእናቴና ከሜሪላንድ ለምትመጣው አክስቴ ነው፣ ሁለቱም በእድሜ ገፍተዋል፣ ስለዚህ ሰዓቱ በጣም ያሳስበኛል። ኦንላይን ስፈልግ ሁለት የማይገናኝ መልስ ነው ያገኘሁት። አንደኛው የኤርፖርት ርቀት የሚያሰሉ ገጾች የሚሰጡት ነው፣ 179 ኪሎ ሜትር፣ በረራው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ቲኬት ልቆርጥ ስገባ የመጣልኝ ነው፣ በምፈልገው ቀን ያለው ሁሉ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወርዶ ከዛ እንደገና ወደ ሰሜን የሚመለስ ነው። ከላሊበላ ቦሌ ቀጥታ መስመሩ 332 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከቦሌ ጎንደር ደግሞ 420 ገደማ፣ ሲደመር 752። ከርቀቱ አራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፣ ትራንዚቱን ሳልቆጥር ማለት ነው።

እኔ የማምነውን ልናገር። በገናና በጥምቀት መሃል ባሉት ቀናት በነዚህ ሁለት ከተሞች መሃል ቀጥታ በረራ መኖር አለበት፣ በዛ ሰሞን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ሰው ቀላል አይደለም። ሰውም ጉዞ ሲያቅድ ከኤርፖርት ኤርፖርት ያለውን ደቂቃ ትቶ ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን ሰዓት ነው መቁጠር ያለበት። የማይስማማ ይምጣ፣ ሙያው ያለው ያስረዳን።

(ተጨማሪ፦ መልሱ እየበዛ ስለሄደ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ወደላይ ወደታች እያለ እንዳይፈልግ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ ሰብስቤዋለሁ። በራሴ አባባል ነው፣ የማንንም ቃል በቀጥታ አልገለበጥኩም።)

1ኛ መልስ፦ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ለእናቴም ለአክስቴም እድሜና ጤና ተመኝቶ ነው የጀመረው። ጎንደር ላይ ለብዙ ዘመን ቱሪስት ሲያስጎበኝ የኖረ መሆኑን ገልጾ ድሮ ይሄ ጥያቄ እንደማይነሳ ነገረን፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባህር ዳርን ጎንደርን ላሊበላን አክሱምን እያዳረሰ የሚመለስ የሰሜን መስመር ነበር፣ እንግዳው አንዱ ጋ ይወርዳል፣ ያድራል፣ ሲፈልግ የሚቀጥለውን ተሳፍሮ ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋል። ጠዋት አዘዞ ኤርፖርት የሸኛቸው እንግዶች ምሳ ሳይደርስ ላሊበላ ሆቴል ገብተው ይደውሉለት እንደነበር ያስታውሳል። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ነገሩ የማይቻል ሆኖ ሳይሆን ከዚህ በፊት ተሠርቶ የሚታወቅ መሆኑን ያሳያል።

2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ መልስ፦ እዚህ ጋ ትንሽ ተሟሟቁ። ሁለተኛው ርቀቱ 179 ሳይሆን 97 ነው ብሎ አረመኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ እሱን ቆጣ ብሎ 111 ነው፣ የማታውቁትን አትጻፉ፣ ሰው ታሳስታላችሁ የሚል ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። አራተኛው መጥቶ ነው ያስታረቃቸው። 97 በኖቲካል ማይል ነው፣ ፓይለቶቹ የሚጠቀሙበት፣ 111 በተለመደው ማይል ነው፣ አሜሪካ ያለ ሰው ስልኩ ላይ የሚመጣለት፣ 179 በኪሎ ሜትር ነው፣ ሦስቱም አንድ ርቀት ናቸው። ከዛ ለማያምን ሰው እንዴት እንደሚሰላ በጣም በሚገባ መንገድ አሳየን። የጎንደር ኤርፖርት በሰሜን ኬክሮስ 12.52፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.43 ላይ ነው። የላሊበላው 11.97 እና 38.98 ላይ። አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን 111 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በኛ ኬክሮስ ላይ 109 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ኤርፖርቶች በሰሜን ደቡብ 60፣ በምሥራቅ ምዕራብ 168 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፣ ሁለቱን በፓይታጎረስ ቀመር ስታስገቡት 179 ይወጣል። ወረቀትና እስክሪቢቶ ይዤ ሠራሁት፣ ልክ ነው። ሦስተኛው ከዛ በኋላ ብቅ አላለም።

5ኛ መልስ፦ ከሁሉም ብዙ የተማርኩበት ይሄ ነው። የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ ልጅ ነው። በአገር ውስጥ መስመር ላይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የምናየው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 179ን በዛ ብታካፍሉት 16 ደቂቃ ነው የሚመጣው። ግን ማንም 16 ደቂቃ በርሮ አልደረሰም። ላሊበላ ኤርፖርት ራሱ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከዛ ተነስቶ ከተራሮቹ በላይ ለመውጣት ሲታገል ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ከፍታውን ያዝኩ ሲል ደግሞ መውረጃው ይደርሳል፣ ልክ ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚሄድ ሚኒባስ አራተኛ ማርሽ ሳያስገባ እንደሚደርሰው። በዛ ላይ የሚነሳበትም የሚያርፍበትም ሜዳ አቅጣጫ ከመስመሩ ጋር ስለማይገጥም ዞር ብሎ መስተካከል አለበት፣ ስለዚህ የሚበረው ከ179ም ይበልጣል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ አየር ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

እሱው ጨምሮ ያለው ሌላ ነገር አለ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት አየር ላይ ያለውን ብቻ አይደለም፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ ሌላኛው ከተማ ላይ እስኪቆም ያለውን ነው፣ እነሱ ብሎክ ታይም ይሉታል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት የሚለውም ገጽ፣ 40 ደቂቃ የሚለውም ቲኬት አይዋሹም፣ የሚለኩት ነገር ይለያያል እንጂ። ነፋስስ ብሎ ለጠየቀውም በዚህ አጭር መንገድ ላይ ነፋስ ቢለውጥ ጥቂት ደቂቃ ነው ብሎ መልሷል።

6ኛ መልስ፦ አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው ዲሲ 3 ተሳፍረው እንደሚያውቁ ጻፉ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን እንደነበረ አስታውሰው፣ ወለሉ ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ ወደ ወንበርህ ስትሄድ ዳገት እንደምትወጣ፣ ሞተሩ ሲነሳ ወሬ ሁሉ እንደሚቆም ገለጹልን። ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር ብለዋል። እኔ ይሄን ሳነብ ከ5ኛው ጋር አገናኘሁት፣ በ300 ብታካፍሉት እንኳን 179 ኪሎ ሜትር 36 ደቂቃ ነው። ከዲሲ 3 ወደ ፎከር 50፣ ከዛ ወደ ኪው 400 ስንሸጋገር ፍጥነቱ በእጥፍ ጨምሯል፣ ግን በዚህ ዓይነት አጭር መስመር ላይ ተሳፋሪው ያተረፈው ደቂቃ ትንሽ ነው። ሰዓታችንን የሚበላው መሬት ላይ ያለው ነገርና በየት በኩል እንደምንዞር ነው።

7ኛው ጋሼ እናመሰግናለን፣ ይጨምሩልን ብሎ ብቻ ነው የጻፈው።

8ኛ መልስ፦ ሹፌር ነው። አውሮፕላኑን ተዉትና በመኪና ሂዱ አለ። ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር፣ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈህ ደብረ ዘቢጥ፣ ነፋስ መውጫ፣ ጋሳይ፣ ደብረ ታቦር፣ ከዛ ወረታ ወርደህ አዲስ ዘመንን አልፈህ ጎንደር ትገባለህ፣ በጠቅላላ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ጥሩ ከሆነ ሰባት ስምንት ሰዓት። ነፋስ መውጫ ላይ ጋቢ ሳትይዙ እንዳትወርዱ ብሎ አስጠንቅቋል፣ ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጉና ተራራን ከጎን እያዩ ማለፍ፣ ደብረ ታቦር ላይ ምሳ በልቶ ቡና መጠጣት በገንዘብ አይገኝም ይላል። በደንብ የሚያውቀውን ነው የጻፈው፣ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ግን እናቴን ስምንት ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት ላይ ማስቀመጥ አልችልም፣ ወገቧ አይችለውም።

9ኛ እና 10ኛ መልስ፦ ውይይቱ እዚህ ጋ ነው የጎመዘዘው። ዘጠነኛው ስምንተኛውን በዚህ ጊዜ አሮጊቶችን በመኪና ሂዱ ትላለህ ወይ፣ ጸጥታውን ሳታጣራ በሰው ሕይወት ምክር አትስጥ ብሎ ክፉኛ ተናገረው። ሹፌሩም ዝም አላለም፣ እኔ በየሳምንቱ የምሄድበት መንገድ ነው፣ አንተ ከየት ሆነህ እንደምትጽፍ አላውቅም አለ፣ ደግሞም ነሐሴ 2015 አካባቢ ወደ ጎንደርም ወደ ላሊበላም በረራ ተቋርጦ እንደነበር፣ ከዛም በፊት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ኤርፖርቱ እንደተዘጋ አስታውሶ አውሮፕላንም ቢሆን ዋስትና የለውም አለ። ሁለቱም የተናገሩት እውነትነት አለው፣ አነጋገሩ ግን መሻሻል ነበረበት።

11ኛ አድሚኑ ነው። ስድብ ይቁም፣ መንገድ ክፍት መሆኑን በጉዞው ዋዜማ እዛው ያለ ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ነው፣ ወደ ርእሱ ተመለሱ አለ። ደግ አደረገ።

12ኛ መልስ፦ አንዲት እህት ስለ ርቀት ምንም ሳትል ስለ ሰዓት አቆጣጠር ጻፈች፣ ግን ከብዙዎቹ የበለጠ ጠቀመችኝ። ለአባቷ ከጎንደር አዲስ አበባ ቲኬት ቆርጣ ወረቀቱን ላከችላቸው። ወረቀቱ ላይ 09:10 ይላል። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ብለው አነበቡ፣ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው በኛ። ምሳቸውን በልተው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ ተብለው ስለነበር ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አዘዞ ደረሱ። አውሮፕላኑ ከተነሳ አራት ሰዓት አልፎታል፣ 09:10 ማለት በኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአስር ነበር። ጥበቃው ወንበር አምጥቶ አስቀምጧቸው ውሃ ሰጥቷቸው ደወለላት። ከዛ ወዲህ ለወላጆቿ የምትልከው ቲኬት ላይ በትልቁ በእጅ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ብላ በኛ ሰዓት ሳትጽፍ እንደማትልክ ነግራናለች። እኔም እንደዛው ነው የማደርገው። ያውም የኔዎቹ ሁለት ናቸው፣ አክስቴ የአሜሪካ ሰዓት ለምዳለች፣ እናቴ የኛን፣ ሁለቱ አንድ ወረቀት ይዘው ሁለት የተለያየ ሰዓት ሊያነቡ ይችላሉ።

13ኛ መልስ፦ ከዚሁ ቀጥሎ ቀኑንም ተጠንቀቁ የሚል መጣ፣ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይመስለኛል አጻጻፉ። በአብዛኛው ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ መሃላቸው 12 ቀን። በዘመነ ዮሐንስ ግን ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ ጥምቀት ያው ጥር 11 ስለሆነ መሃላቸው 13 ቀን ይሆናል፣ በፈረንጆቹ ደግሞ ገና ጃንዋሪ 7 እንደሆነ ይቀራል፣ ጥምቀት ግን ከ19 ወደ 20 ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. እንደዛ ነበር፣ በ2020ም እንደዛው ይሆናል። ውጭ ያለ ሰው ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው ብሎ መመለሻውን ለማግስቱ ከቆረጠ በዛ ዓመት ያየው ከተራውን ብቻ ይሆናል፣ ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ሳይመለስ እሱ ኤርፖርት ነው። ይሄን ለአክስቴ ወዲያው ነው የላክሁላት።

14ኛ መልስ፦ ጎንደር ላይ ትራቭል ኤጀንት ጋ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ክርክሩን የዘጋችው እሷ ናት በኔ እይታ። ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን አንድ በአንድ ቆጠረችው። ላሊበላ ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተራራ ላይ ነው፣ ኤርፖርቱ ከታች ሜዳው ላይ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ስለዚህ 45 ደቂቃ ያዙለት። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ። በረራው ቀጥታ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ። አዘዞ ላይ ሻንጣ ጠብቆ መውጣት ሌላ ግማሽ ሰዓት፣ ከአዘዞ ከተማ ደግሞ በበዓል ሰሞን ግማሽ ሰዓት። ሲደመር አራት ሰዓት ከሩብ። ግማሽ ሰዓት የተባለው መንገድ አራት ሰዓት ከሩብ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ሁሉም ነገር ከተሳካ።

በአዲስ አበባ ሲዞርስ? ወደ ኤርፖርት መውረዱና ቀድሞ መድረሱ ያው ነው፣ ከዛ ወደ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቦሌ ላይ እንደ ፍላይቱ አገጣጠም ሁለትም አራትም ሰዓት መጠበቅ፣ ከቦሌ ጎንደር አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ሻንጣና ታክሲ። ከስምንት እስከ አስር ሰዓት። እዚህ ጋ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት፣ ይሄ ሹፌሩ በመኪና ካለው ሰባት ስምንት ሰዓት ጋር እኩል ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል! አውሮፕላን ተሳፍረህ፣ ሁለቴ ተነስተህ ሁለቴ አርፈህ፣ 752 ኪሎ ሜትር በርረህ፣ በሚኒባስ ከሄደው ሰው ጋር እኩል መድረስ ማለት ነው። የጠዋቱ ከላሊበላ ፍላይት ከዘገየና የከሰዓቱ የጎንደር ካመለጠ ደግሞ አዲስ አበባ ማደር አለ።

15ኛ መልስ፦ ይሄኛው የኔን ሃሳብ ተቃወመ፣ ግን በጨዋነትና በምክንያት ነው። አቪዬሽን ውስጥ እንደሠራ ጽፎ፣ አጭር በረራ ለማንም አየር መንገድ ውድ ነው ይላል። ነዳጅ በብዛት የሚቃጠለው ሲነሳና ከፍታ ሲወጣ ነው፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ሞተር የሚያረጀውም በሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ስንቴ ተነስቶ ስንቴ እንዳረፈ እየተቆጠረ ነው። 179 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ያው አንድ መነሳት አንድ ማረፍ ነው፣ 420 ለመሄድም ያው። 78 ወንበር ላለው አውሮፕላን ከላሊበላ ጎንደር ብቻ የሚሄድ በቂ ሰው በየቀኑ አይገኝም፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሁሉም ከተማ የመጣው ሰው ስለሚገናኝ ይሞላል። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነም በሙቀት ሰዓት የሚነሳ አውሮፕላን ጭነት መቀነስ ሊኖርበት ይችላል ብሏል።

16ኛው በዚህ ተናደደ፣ ሰሜኑ ለቱሪስት ብቻ ነው ወይ፣ የአገሩ ሰው ተሳፋሪ አይደለም ወይ አለ፣ ትንሽ ቃላቱ ይከብዳሉ። ግን ያነሳው ጥያቄ ጥያቄ ነው፣ ላስታና ጎንደር የሚጋቡ፣ የሚነግዱ፣ የሚሳለሙ ሕዝቦች ናቸው።

17ኛው የኔ ነው። የ15ኛውን ምክንያት እቀበላለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ይኑር አላልኩም። ግን በገና ማግስትና በጥምቀት ዋዜማ መሃል ወንበር አይሞላም የሚለውን አልቀበልም። በዛ ሰሞን ላሊበላ ቤተ ማርያም ግቢ ቤዛ ኩሉ ሲባል የቆመው ሕዝብ ከየት ከየት እንደመጣ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከውጭ የመጣው ደግሞ አብዛኛው ቀጥሎ ጎንደር ነው የሚያስበው። ሁለት ሦስት ቀን እንኳን ቢመደብ፣ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ሦስት ማዕዘን ቢሠራ፣ የሚጨምረው አንድ አጭር ጉዞ ነው። 15ኛው ተመልሶ ሦስት ማዕዘኑ የሚያስኬድ ሃሳብ ነው፣ በበዓል ሰሞን ተጨማሪ በረራ መመደብም የተለመደ ነው ብሎ ተስማማ። እንዲህ ያለ ተቃዋሚ ይብዛልን።

18ኛና 19ኛ መልስ፦ አስራ ስምንተኛው ድንገት የባህር ዳሩን አደጋ አነሳ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ ሊሄድ ከባህር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 ገና ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር ተከስክሶ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ነፍሳቸውን ይማር። አስራ ዘጠነኛው ለእናቱ ቲኬት ለሚቆርጥ ሰው ይሄን ማውራት ምን ይጠቅማል ብሎ ቆጣ አለ፣ አስራ ስምንተኛው ግን አጎቱ እዛ ላይ እንደነበር፣ በሕይወት ከተረፉት አንዱ እንደሆነ፣ አሁንም ድረስ በአውሮፕላን እንደሚሄድ መለሰ። ከዛ በኋላ ማንም ምንም አላለም።

20ኛ መልስ ቀለል አደረገው። ቀጥታውን ካገኛችሁ በየት በኩል እንደምትቀመጡ ልንገራችሁ አለ። ከላሊበላ ወደ ጎንደር ስትሄዱ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ሰማዩ ጥርት ካለ የስሜን ተራሮችን ያያል፣ በግራ የተቀመጠ ሊደርሱ ሲሉ ጣናን ያያል። ከስር ቡግና፣ እብናት፣ በለሳ ነው፣ የተቆራረጠ ገደል፣ የእርከን እርሻ፣ በየአምባው ጫፍ ላይ በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን። የኪው 400 ክንፉ ከላይ ስለሆነ ከስር ያለውን አይከልልም፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ ያለ ወንበር ግን ያዙ፣ መሃሉ ድምፁ ይከብዳል። እናቴ በግራ፣ አክስቴ በቀኝ ብዬ ወስኛለሁ፣ መሃላቸው ኮሪደር ብቻ ነው፣ መነጋገርም ይችላሉ።

21ኛ መልስ፦ ከላስታ የሆነ ሰው አያቱ ከጎንደር አካባቢ በእግር ላሊበላ ይሳለሙ የነበሩ ሰዎችን ቤታቸው እያሳደሩ እንዳደጉ ጻፈ። በሶና ጥሬ ይዘው፣ ቀን ሙቀቱን ዛፍ ስር አሳልፈው፣ ጠዋትና ማታ እየተጓዙ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር፣ እግራቸውን ማጠብ የልጆች ሥራ ነበር። ዛሬም በእግር የሚመጡ አሉ ይላል። የሚገርመው አብዛኛው የእግር መንገድ ከአውሮፕላኑ መስመር ብዙም አይርቅም፣ በበለሳና በቡግና በኩል ነው።

22ኛው ለሌሎች እንዲጠቅም የሌሎቹን ኤርፖርቶች ርቀትም አሰላልን፣ በ4ኛው ዘዴ ነው የሠራው፣ እኔም እየተከተልኩ አረጋግጫለሁ። ባህር ዳር ጎንደር 102 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመኪና ግን 180 ይጠጋል፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ስለዚህ ኤርፖርት ሄዶ ሁለት ሰዓት ከመጠበቅ መኪናው ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም። ባህር ዳር ላሊበላ 185፣ ላሊበላ አክሱም 241፣ ድሬዳዋ ጅጅጋ 120። የድሬዳዋው ላይ አንድ ሰው ሐረርን አቋርጦ የሚሄደው አስፋልት እያለ ማን ይበራል ብሎ ሌላ ክርክር ሊጀምር ነበር፣ አድሚኑ ሌላ ውይይት ክፈት አለው።

23ኛ መልስ (እስካሁን የመጨረሻው)፦ 14ኛዋ ልጅ ናት ተመልሳ የመጣችው። ደርሶ መልስ ብላችሁ አትፈልጉ፣ እያንዳንዱን ጉዞ ለብቻው አስገቡ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ብላችሁ። አንድ ቀን ብቻ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ከገና ማግስት ጀምሮ እስከ ከተራ ያሉትን ቀናት ሁሉ አንድ በአንድ እዩ፣ የበዓል ተጨማሪ በረራ ዘግይቶ ሊገባ ስለሚችል እየተመለሳችሁ ፈትሹ። የጉዞውን ሰዓት ስታዩ ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ቀጥታ ነው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ከሆነ በአዲስ አበባ ነው፣ ሌላ ማጣሪያ አያስፈልግም። ብዙ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንድ ደብር ማኅበር፣ ቲኬት ቢሮ በአካል ሄዳችሁ ቁጥራችሁን አስመዝግቡ ብላለች፣ ፍላጎት መኖሩ የሚታወቀው እንደዛ ነው።

እኔም ያለችውን ማድረግ ጀምሬያለሁ። የእናቴን ሰፈር ጉባኤ ሰዎች ጠይቄ በገና ላሊበላ፣ በጥምቀት ጎንደር የሚሄዱትን ስም እየያዝኩ ነው፣ ይዤ ቲኬት ቢሮ እሄዳለሁ። እዚህ ያላችሁና በዛ ሰሞን ከላሊበላ ጎንደር የምታልፉ ከሆነ ስንት ሰው እንደሆናችሁና የትኛውን ቀን እንደምትፈልጉ ከታች ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም፣ ቁጥርና ቀን ብቻ።